«እግዚአብሔር የሰጠውን» ከማለት በኋላ፦ በደሴ የተከታተልነው የባለትዳሮች ትምህርት

በደሴ ከተማ በአንድ ደብር አዳራሽ ለባለትዳሮች የሚሰጠውን የስድስት ሳምንት ትምህርት እኔና ባለቤቴ በጥር መጀመሪያ ጀምረን ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ጨርሰናል። ትምህርቱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ክፍያው ለአንድ ባልና ሚስት 300 ብር ነው፤ በዚህ ገንዘብ ሻይና ዳቦ እንዲሁም ተባዝቶ የተጠረዘ 20 ገጽ ማስታወሻ ይሰጣል። ርእሱ ስለ ልጆች፣ ስለ ቤተሰብ ብዛትና በእግዚአብሔር ስለ መታመን ነው። አስተማሪዎቹ አንድ ቄስ፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርና አንዲት ነርስ ናቸው። የደብሩን ስም የማልጠቅሰው ከምስጋናዬ ጋር ቅሬታዬንም ስለምጽፍ ነው፤ ደሴ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ስለሆነች ጠያቂ ካለ ቦታውን ለማግኘት አይቸገርም።

ወደዚህ ትምህርት የሄድነው የሦስት ልጆች ወላጆች ሆነን ነው። የመጀመሪያው 9 ዓመቱ፣ ሁለተኛዋ 6፣ የመጨረሻው 3 ነው። የባለቤቴ እናት ከኩታበር በመጡ ቁጥር የትንሹን ራስ እየዳበሱ «ይኼ ልጅ ታናሽ አያምረውም?» ይላሉ፤ እኔ ዝም ስል ደግሞ «እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» ብለው ይጨምራሉ። የግድግዳ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ እርሷም በራሷ ቋንቋ ያንኑ ትለኛለች፤ «ልጅ ሪዝቁን ይዞ ነው የሚመጣው»። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት የምሠራ በመሆኔ በየማለዳው በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወረድኩ ከምቈጥራቸው ነገሮች አንዱ የቤታችን ወጪ ነው፤ ስለዚህ እነዚህን አባባሎች ስሰማ ከሃይማኖት ይልቅ ገና ያልተከፈለ ደረሰኝ ይታየኝ ነበር። ባለቤቴ በበኩሉ ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር «እርሱ የሰጠውን እንቀበላለን» ብሎ ጋዜጣውን ይገልጣል። እኔም አልጨቀጭቅም፤ ያልጨቀጨቅሁበትን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በ8 ሰዓት ሊጀመር የተባለው 40 ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። ቄሱ ግን ሲገቡ ጊዜ አላባከኑም፤ ለእያንዳንዳችን ቍራጭ ወረቀት አድለው «ስንት ልጅ እንዲኖራችሁ እንደምትሹ ሳትተያዩ ጻፉ፤ አጥፋችሁ ለትዳር ጓደኛችሁ ስጡ፤ ቤታችሁ ገብታችሁ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ክፈቱት» አሉን። እኛም እንደተባልነው አደረግን። መብራት ጠፍቶ ስለነበረ ወረቀቶቹን የከፈትናቸው ማድ ቤት ውስጥ በስልክ ብርሃን ነበር። የእኔ ወረቀት ላይ «3» የሚል ቁጥር አለ፤ ዙሪያውን ሳላውቀው ሁለት ጊዜ አክብቤዋለሁ። የእርሱ ላይ «እግዚአብሔር የሰጠውን» ተጽፏል።

«ቁጥር ነበር እኮ የተጠየቅነው» አልኩት።

«አንቺስ ለእግዚአብሔር ቁጥር ትሰጪዋለሽ?» አለኝ።

በዚያ ሌሊት ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። በሁለተኛው ቅዳሜ ቄሱ «እግዚአብሔር የሰጠውን ብላችሁ የጻፋችሁ እጃችሁን አንሡ» ሲሉ ከተነሡት እጆች አብዛኞቹ የወንዶች ነበሩ፤ አዳራሹ በሣቅ ተሞላ። እርሳቸው ግን አልሣቁም። ይህ መልስ ከእምነት የመጣ ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን ከሚስት ጋር ላለመነጋገርም የሚመች መሸሸጊያ እንደሆነ፣ ሁለቱን መለየት የሚችለውም ጻፊው ራሱ ብቻ እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ ተናገሩ። ባለቤቴ ጫማውን ሲያይ አየሁት። ለ300 ብሩ ይህች አንዲት ሰዓት ብቻዋን ትበቃ ነበር።

ከመጽሐፍ ቅዱስ አንፃር የተሰጠው ትምህርት ከጠበቅሁት በላይ ጥልቅ ነው። ስለ ልጆች ብዛት ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው መዝሙር 126 ነው፤ በሌላው አቈጣጠር 127። «እነሆ፥ ልጆች የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፥ የሆድም ፍሬ የእርሱ ዋጋ ነው» የሚለውን እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። መምህሩ ያሳዩን ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቃል ነው። ልጆች በኃያል እጅ እንዳሉ ፍላጾች ናቸው ካለ በኋላ፣ የዕብራይስጡ ጽሑፍ የፍላጻ መያዣውን ከእነርሱ የሞላ ሰው ብፁዕ ነው ይላል። ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ የተነሡ አንዳንድ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ከዚህ ቃል ተነሥተው የልጆችን ቁጥር በማናቸውም መንገድ አለመገደብ የእምነት ምልክት ነው እስከ ማለት ደርሰዋል፤ እንቅስቃሴያቸውም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከሞላ የፍላጻ መያዣ ነው። ከሰባው ሊቃናት፣ ማለትም ከጥንቱ የግሪክ ትርጉም ጋር የሚስማማው የግዕዙ ዳዊት ግን በዚህ ቦታ ስለ ፍላጻ መያዣ ሳይሆን ምኞቱን ከእነርሱ ስለሚፈጽም ሰው ይናገራል። መምህሩ በዚህ ቆም ብለው፣ ሌላው መያዣውን ስለ መሙላት በሚያነብበት ቦታ እኛ ምኞትን ስለ መፈጸም ስናነብ እንደኖርን አስረዱ፤ የአንዱ ሰው ምኞት በአሥር ልጆች፣ የሌላው በሁለት ሊፈጸም እንደሚችል፣ የመዝሙሩ መነሻም «እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ» የሚለው እንጂ ቁጥር እንዳልሆነ አከሉ። ዳዊት የሚደግሙ አንድ አዛውንት ከኋላ ሆነው «ለካ ይህን ያህል ዘመን ሳናስተውል ደገምነው» ሲሉ ሰማሁ።

«ብዙ፥ ተባዙ» የሚለው የዘፍጥረት 1 ቃልም በዚሁ መንገድ ተመረመረ። ቃሉ የተነገረው በበረከት መልክ መሆኑ፣ ለሰው ከመነገሩ በፊት በዚያው ምዕራፍ ለዓሦችና ለወፎች መነገሩ፣ ለሰው ሲነገር ግን ምድርን መግዛትና ማስተዳደር የተጨመረበት መሆኑ ተብራራ። ከዚያ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ስሞች ጻፉ። ያዕቆብ 12 ወንዶች ልጆች፣ ኢዮብ 7 ወንዶችና 3 ሴቶች፤ በአንፃሩ ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን አንዲት፣ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ዮሐንስን አንድ። በየዓመቱ በዓላቸውን የምናከብራቸው ወላጆች ቤት አንድ ልጅ ብቻ እንደነበረበት ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር፤ የባለቤቴ እናትም በነገርኳቸው ጊዜ ጥቂት አሰቡና «እነርሱማ የተሰጣቸው ልጅ ልጅ ነው?» ብለው አመለጡ።

ሦስተኛው ሳምንት የቀረበው በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ስላለው አቋም ነው። ይህ ክፍል አጭር ቢሆንም ጠቃሚ ነበር። የአንግሊካን ጳጳሳት በ1930 እ.ኤ.አ. በላምቤዝ ባደረጉት ጉባኤ የወሊድ መቆጣጠሪያን በተወሰነ ሁኔታ መፍቀዳቸው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ በተቃራኒው ማውገዛቸው፣ ጳውሎስ 6ኛም በ1968 እ.ኤ.አ. ያንኑ አጽንተው ባልና ሚስት በቂ ምክንያት ሲኖራቸው ፅንስ የማይያዝባቸውን ቀናት ብቻ መጠበቅ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ተነገረን። ስለ እኛ ሲመጣ ቄሱ ውርጃ እንደማይፈቀድ በማያሻማ ቃል ለይተው ከተናገሩ በኋላ፣ በቀረው ጉዳይ ከአዳራሽ ይልቅ ባልና ሚስቱ አብረው ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመክሩ እንደሚመርጡ ተናገሩ። ይህ ከጥያቄ መሸሽ የመሰላቸው ተሳታፊዎች ነበሩ፤ እኔ ግን አብረው የሚለው ቃል ላይ ያሳረፉትን ክብደት ስለሰማሁ አልመሰለኝም።

ክርክር የተነሣው በአራተኛው ቅዳሜ ነው። ርእሱ መታመንና ጥንቃቄ ይጣላሉ ወይ የሚል ነበር። በአንድ በኩል የማይዘሩትንና የማያጭዱትን የሰማይ ወፎች ተመልከቱ የሚለው የማቴዎስ 6 ቃል፣ በሌላ በኩል ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን ይቈጥራል የሚለው የሉቃስ 14 ቃል ቀረቡ። ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ ነው የሚለው የጢሞቴዎስ መልእክትም ተነበበ። አንድ ጐልማሳ ተነሥቶ ቈጥሮ የሚወልድ ሰው እግዚአብሔርን ከቤቱ እንዳስወጣው ይቈጠራል ሲል፣ ቄሱ ጌታ በመቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ዝለል ሲባል የመለሰውን መልስ ጠቅሰው፣ አምላክን መታመንና አምላክን መፈታተን ከውጭ ሲታዩ አንድ ሊመስሉ እንደሚችሉ አስረዱት። ጐልማሳው አልተዋጠለትም፤ መቀመጡን ግን ተቀመጠ። እኔ በዚያ ሰዓት ያሰብሁት ጥቅምት 2014 ዓ.ም.ን ነው፤ ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲቃረብ አንዱን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ፣ አንዱን በእጄ ይዤ ከደሴ ስወጣ፣ ሁለት እጅ ብቻ እንዳለኝ የቈጠርሁት ሳልፈልግ ነው። በአዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያለ ቈጠራ የነበረባት እናት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ማስታወሻው ግን ስለዚህ አንዲት መስመር እንኳን የለውም።

አምስተኛው ቅዳሜ የነርሷ ነበር፤ ከስድስቱም በዝግጅት የላቀው እርሱ ነው። ሲስተር የጀመሩት በሁለት ቁጥሮች ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው 5.9 ልጅ እንደነበረና በ2008 ዓ.ም. ጥናት ወደ 3.7 እንደወረደ ጽፈው፣ «ይህ ሁሉ ሰው እምነቱን ጥሎ ነው ወይስ ሌላ ነገር ተለውጧል?» ብለው ጠየቁ። የጋብቻ ዕድሜ ከፍ ማለቱ፣ የሴቶች መማር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መግባታቸው ከተሳታፊዎቹ አፍ ወጣ። ከዚያ ወደ አካል ነገር ገቡ፤ ከወሊድ በኋላ ቀጣዩን ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወር መቈየት ለእናትም ለልጅም እንደሚመከር፣ የጡት ማጥባት መከላከያነት ልጁ 6 ወር እስኪሞላው፣ ሌላ ምግብ ሳይጀምርና የወር አበባ ሳይመለስ ብቻ እንደሚሠራ፣ የሦስት ወር መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረውና ሉፕ እንዴት እንደሚለያዩ አስረዱ። መርፌ ያመክናል የሚል ፍርሃት ላነሣች እናት፣ እንደማያመክን ነገር ግን ካቆሙት በኋላ ፅንስ ለመያዝ ከሌሎቹ ዘዴዎች ይልቅ ወራት ሊዘገይ እንደሚችል ሳይሸፋፍኑ ነገሯት።

ከቦሩ ሜዳ የመጣ አንድ አባት ያነሣው ጥያቄ የዕለቱ ምርጥ ነበር። «ጾማችን በዓመት ከ180 ቀን ይበልጣል፤ በጾም ደግሞ ባልና ሚስት ይታቀባሉ፤ ታዲያ ይህ ራሱ ምጣኔ አይደለም?» አለ። ሲስተር በሰሌዳው ላይ የአንድ ወር ቀናት ደርድረው፣ ፅንስ ሊያዝባቸው የሚችሉት በየዑደቱ ስድስት ቀናት ያህል እንደሆኑ፣ እነርሱም ጾምና ፍስክ ሳይለዩ እንደሚመጡ፣ የወንዱ ዘር እስከ አምስት ቀን በሕይወት ሊቈይ ስለሚችል ረቡዕና ዓርብ መታቀብ ብቻውን የሚያግደው እምብዛም እንዳልሆነ አሳዩት። ሰውየው አምስት ልጆቹን በጣቱ ቈጠረና «ለዚህ ነዋ!» ሲል ቄሱም ሳቁ። ከሣቁ በኋላ ግን ጾም የተሠራው ለጸሎት እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ፣ ሐዋርያውም ተስማምታችሁ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይበይን እንዳለ አሳሰቡ።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ የነገርሁትን አሁን እዚህ የምጽፈው እርሱ አንብቦ ከፈቀደ በኋላ ነው። ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል እርሱ ሳያውቅ የሦስት ወር መርፌ እወስድ ነበር። እናቱ «ታናሽ አያምረውም?» ሲሉ ዝም የምለው፣ ባለቤቴ «እርሱ የሰጠውን» ሲል የማልከራከረው ለዚህ ነው፤ እንዲያውም «አሜን» የምልበት ጊዜ ነበር። መርፌውን የወሰድሁበት የግል ክሊኒክ ጉዳዩን በሁለት ደቂቃ ስለጨረሰው የወር አበባዬ ሊቀር እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም፤ ስለዚህም አረገዝሁ ብዬ ሦስት ወር ሙሉ በድብቅ የእርግዝና መመርመሪያ እየገዛሁ በሥጋት ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ሲሰማ የተቈጣው በመርፌው አልነበረም። «አሜን ስትዪ ነበር እኮ» አለኝ። ለሦስት ቀን ያህል ቤታችን ቀዝቅዞ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ሥራ ውዬ ስመለስ ደብተርና እስክሪብቶ አውጥቶ ጠበቀኝና፣ አራተኛ ልጅ የሚፈልገው ታላቅ ወንድሙን በልጅነቱ አጥቶ ብቻውን ስላደገ እንደሆነ ነገረኝ። በ11 ዓመት ትዳራችን ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እርሱ በእግዚአብሔር ስም የሸፈነው ሐዘኑን ነው፤ እኔ ደግሞ በአሜን የሸፈንሁት መርፌዬን ነው። ውሳኔያችን ምን እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አስፈላጊ አይደለም፤ ሲስተር ዘንድ ግን አብረን ሄደናል።

አሁን ወደ ድክመቶቹ ልምጣ። መዘግየቱ በስድስቱም ሳምንት ነበር። ልጆች የሚቈዩበት ቦታ ስለሌለ ሕፃን ይዘው የመጡ እናቶች ግማሹን ትምህርት በረንዳ ላይ አሳልፈውታል፤ ስለ ልጆች በሚሰጥ ትምህርት ይህ መታሰብ ነበረበት። የቤት ወጪን የሚመለከተው ክፍል በመጨረሻው ቀን ለ20 ደቂቃ ብቻ ቀርቦ «ጌታ ያውቃል» በሚል ተዘጋ፤ ከአራተኛው ሳምንት ትምህርት ጋር እንኳን አይስማማም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ከፊታችን ወንበር ላይ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ የሆድ ፍሬ ዋጋ ነው የሚለውን ካነበቡ በኋላ በንግግራቸው ሙቀት ልጅ የጽድቅ ምልክት ነው የሚል ቃል አመለጣቸው። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች፤ ለሻይ ስንወጣ ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት ባልየው ብቻውን መጣ፤ በሦስተኛው ሁለቱም ቀሩ። የጠየቃቸው መኖሩን አላየሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በስድስተኛው ሳምንት ቄሱ የሳሙኤልን መጽሐፍ ገልጠው ሕልቃና ለሐና «እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልልሽምን?» ያላትን እጅግ በሚያምር ሁኔታ ሲተረጉሙ፣ ያዕቆብም በራሔል ተቈጥቶ በእግዚአብሔር ቦታ አይደለሁም ማለቱን ሲያስረዱ፣ ቃሉን ሊሰሙት የሚገባቸው ሁለቱ ሰዎች የነበሩበት ወንበር ባዶ ነበር። ይህ ትምህርት በመጀመሪያው ቀን መሰጠት አለበት፤ በአስተያየት መስጫው ወረቀት ላይም ይህንኑ ጽፌ ሰጥቻለሁ።

ቢሆንም ትምህርቱን እመክራለሁ፤ በተለይ ከሁለተኛ ልጅ በኋላ ላሉና ስለ ሦስተኛው ዝም ለተባባሉ። ሊጋቡ ያሰቡ ጥንዶችም ቢገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የአምስተኛው ሳምንት ንግግር ግልጽ ስለሆነ እጮኛሞች ሊያፍሩ ይችላሉ። ወልደው ለጨረሱ ሰዎች የሚጨምረው ብዙ አይመስለኝም። አዘጋጆቹ አንዱን ብቻ አይመዘግቡም፤ ባልና ሚስት አብረው ቀርበው መፈረም አለባቸው፤ ይህ ደንብ ሲበዛ ጥብቅ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ትክክል መሆኑን አይቻለሁ። ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ እንደሚጀመር ተነግሮናል። ልጆቻችሁን ለጎረቤት አደራ ስጡ፤ የእኔን ሦስት በስድስቱም ቅዳሜ የያዘችልኝ ያችው ሪዝቁን ይዞ ይመጣል የምትለው ጎረቤቴ ናት። አዳራሹ ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደውን ነፋስ ስለማይከለክል ጋቢ ያዙ፤ ሻዩም በ9 ሰዓት ተኩል ሲመጣ ቀዝቅዞ ነው።